ቃሬዛ ተሸካሚስ ጀግና ይባላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን ስለተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ፣ አጭር ማስታወሻ አውጥተን ነበር። ከዚያ በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁለቱ የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽታ ሆነው ስላገኘኋቸው በዚህ ዓምድ አብሬ እመልሳቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የቃኘው ወታደሮች በኮሪያ ጦርነት አንድም ሰው ሳይማረክባቸው፣ አንድም ሬሳ ጥለው ሳይመጡ ተመለሱ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ ግን «ይህ ራሳችንን ለማሞገስ የፈጠርነው ወሬ ነው» እያሉ ይሞግቱኛል። ነገሩ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ሌሎች አገሮች ያልቻሉትን እኛ እንዴት ቻልነው? (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ተማሪዎችዎም መጠየቃቸው መልካም ነው። የተኩስ አቁም ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተፈርሞ በፓንሙንጆም ምርኮኞች ሲለዋወጡ፣ በሺህ የሚቆጠሩ አሜሪካውያንና በመቶ የሚቆጠሩ እንግሊዞችና ቱርኮች ከሰሜን ኮሪያና ከቻይና ጦር እጅ ሲለቀቁ፣ በመካከላቸው አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ስለ ሬሳው የተባለውን ደግሞ ዛሬም በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። በቡሳን ከተማ የተባበሩት መንግሥታት ጦር መታሰቢያ መካነ መቃብር አለ፤ በዚያ የብዙ አገር ልጆች ሲያርፉ የኢትዮጵያዊ መቃብር ግን አይገኝም። በዘመቻው የተሠዉት 122 ወታደሮች አስከሬን ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። የቆሰሉት 536 ነበሩ፤ ሻለቃው የተሳተፈባቸው ግጥሚያዎች ደግሞ 253 እንደሆኑ ይነገራል።

«እኛ እንዴት ቻልነው» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ተማሪዎችዎ የጠረጠሩትም ምናልባት እዚህ ላይ የሚሰማውን ጉራ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ቡሳን ደረሰ። ወታደሮቻችን ገና ባሕር ላይ ሳሉ፣ ከሚያዝያ 14 እስከ 17 ባሉት ቀናት፣ በኢምጂን ወንዝ ዳር አንድ የእንግሊዝ ሻለቃ፣ የግሎስተርሻየር ሬጅመንት አንደኛ ሻለቃ፣ በቻይና ጦር ተከቦ ጥይቱ እስኪያልቅ ድረስ ከተዋጋ በኋላ ከ500 በላይ ሰዎቹ ተማረኩ። እነዚህ ወታደሮች ያሳዩትን ጽናት አይታ አሜሪካ በፕሬዚዳንቷ ስም ለጦር ክፍል የሚሰጠውን የክብር ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። እኛም የዚያኑ ዓይነት ማዕረግ በመስከረም 1944 ዓ.ም. ስለተደረገው ውጊያ አግኝተናል። የእኛ ሻለቃ ግንባር ሲገባ ሙሉ ክፍለ ጦር በአንድ ሌሊት የሚከበብበት፣ ወዲያና ወዲህ የሚሮጥ ጦርነት እያበቃ፣ ጦሮቹ በየተራራው ምሽግ ወደሚቆፍሩበት ጊዜ እየተሸጋገረ ነበር። ስለዚህ «አልተማረክንም» የሚለውን ቃል የተማረከን ሰው በማሳነስ መናገር አይገባም፤ የተማረከ ሁሉ ፈሪ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላም ክብሩ ቦታውን አይለቅም። በምሽግ ጦርነት ወታደር የሚማረከው በአብዛኛው በሌሊት፣ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ትንሽ የቅኝት ጓድ ከወገን መስመር ወጥታ ስትከበብ ነው፤ ቃኘው ደግሞ ደጋግሞ የወጣው እንዲህ ባለው ቅኝት ነው። ስሙ ራሱ ከዚያ ሥራ ጋር የገጠመ ይመስላል፤ መነሻው ግን ሌላ ነው። «አባ ቃኘው» የንጉሠ ነገሥቱ አባት የልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ነበር። ለቅኝት ከወጡት ውስጥ አንዱ ቆስሎ ወይም ሞቶ ሲቀር የቀሩት ያለ እሱ አልተመለሱም፤ ይህንንም የቻለው መትረየስ ወይም መድፍ አልነበረም። እንዴት እንደተቻለ የሚቀጥለው ደብዳቤ ከእኔ በተሻለ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ አያቴ ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል፤ ዛሬ ዕድሜያቸው ከ90 አልፏል። በበዓል ቀን ዘመድ ተሰብስቦ ስለ ዘመቻው ሲያነሣ፣ ሌሎች ሽማግሌዎች ሲፎክሩ፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። በቅርቡ ለብቻችን ሳለን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ እኔ እኮ ቃሬዛ ተሸካሚ ነበርሁ፤ የገደልሁት ሰው የለም፤ የምነግርህም የለኝም» አሉኝ። አጎቴም «እሳቸውማ ጭነት ነው የተሸከሙት» ብሎ ሲቀልድ ሰምቻለሁ፤ ቀልዱ አሳዝኖኛል። እውነት በጦር ሜዳ ጀግና የሚባለው ማን ነው? አያቴንስ እንዴት ብዬ ላናግራቸው? (ከኮሪያ ሰፈር፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አያትዎ «የምነግርህ የለኝም» ማለታቸውን ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ ምክንያቱም ከላይ ለመምህሩ የሰጠሁት መልስ በሙሉ የእሳቸውና የመሰሎቻቸው ሥራ ነው። «ሬሳ ጥለው አልመጡም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንናገር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያንን ሬሳ ማንሣቱን እንረሳለን።

ቃሬዛ መሸከም በኮሪያ ተራራ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ እናስበው። ቁስለኛውን የሚይዙት አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሦስቱ አብረው ይንገዳገዳሉ። ተኳሽ ወታደር የሞርታር ፉጨት ሲሰማ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ጉድጓድ ካለ ይገባበታል፤ ጠመንጃውም እጁ ላይ ስላለ ቢያንስ መልስ የሚሰጥበት ነገር አለው። ተሸካሚው ግን ሁለት እጁ እንጨት ላይ ነው። በድንገት ቢተኛ ቁስለኛው ተወርውሮ ይወድቃል፣ የታሰረለትም ቁስል ይከፈታል፤ ስለዚህ ቆሞ ይሄዳል። መንገዱ በዝናብ ወራት ጭቃ፣ በክረምታቸው በረዶ የለበሰ ቁልቁለት ነው፤ ጊዜው ሌሊት ስለሆነ መብራት ማብራት አይቻልም፤ በሽቦው አጥር መካከል የተተወችውን ጠባብ መተላለፊያ በእግሩ እየዳሰሰ መፈለግ አለበት። ቁስለኛው ተራራው ሥር እስኪደርስ፣ ከዚያም በመኪና ወይም በዚያ ጦርነት በብዛት ሥራ ላይ በዋለው ሄሊኮፕተር ወደ ሕክምና እስኪወሰድ ድረስ ሕይወቱ በእነዚያ ስምንት እጆች ላይ ነበረች። በዚህ ሥራ ውስጥ፣ የእንጨት መሸከሚያ በጀርባቸው አዝለው ጥይትና ምግብ ወደ ተራራው የሚያወጡ፣ ሲመለሱም ቁስለኛ የሚያወርዱ ኮሪያውያን ሲቪሎችም እንደነበሩ አያትዎ ያስታውሱ ይሆናል፤ የእነሱም ስም እምብዛም አይነሣም።

ጀግና ማን ነው ለሚለው ጥያቄዎ፣ ያደግንበት ባህል በፉከራና በቀረርቶ የሰጠን መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ፎካሪው ስንት እንደጣለ፣ ምን ግዳይ እንደያዘ ይቆጥራል፤ «ገዳይ» የሚለው ቃልም ራሱ ማሞገሻ ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሽለላ ሲሰማ ደሜ የሚሞቅ ሰው ነኝና ያንን ቅርስ ለማጣጣል አልነሣም። ነገር ግን እዚያው ባህላችን ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር ሌላ ሚዛን አለ፤ እሱም ወገን ለአሞራ አይጣልም የሚለው ነው። በሩቅ አገር የሞተ ሰው ለአገሩ አፈር እንዲበቃ ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚደክም ሁላችንም እናውቃለን። በዓድዋም ቢሆን ድሉን የሠሩት ጎራዴና ጠመንጃ የያዙት ብቻ አልነበሩም፤ እቴጌ ጣይቱ ያሰማሯቸው ሴቶች በውጊያው መካከል ውሃ እያመላለሱ፣ ቁስለኛ እያነሡ ነው ቀኑ የተመሸው። አያትዎ «የገደልሁት ሰው የለም» ሲሉ ራሳቸውን የመዘኑት በመጀመሪያው ሚዛን ነው፤ እኔ ግን በሁለተኛው እንዲመዘኑ እጠይቃለሁ።

ከራሳቸው ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ አንድ ታሪክ ላንሣ። ሻለቃው በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ይመራ በነበረበት ጊዜ፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም.፣ ምክትል መቶ አለቃ ማሞ ሀብተወልድ ጥቂት ሰዎች ያሉበትን የቅኝት ጓድ ይዘው ወጡ፤ ከወገን መስመር ፊት ለፊትም በብዙ እጥፍ በሚበልጣቸው የቻይና ጦር ተከበቡ። ጓዶቻቸው ሞቱ፣ ቆሰሉ፤ እሳቸውም ቆሰሉ፤ ከኋላ ካለው ጦር ጋር የሚያገናኛቸው ሬዲዮም ከጥቅም ውጭ ሆነ። ውጊያው እንደዚያው ቢቀጥል ማለቃቸው የማይቀር ነበር። ያዳናቸው፣ ማሞ በዚያ እሳት ውስጥ እየተሳቡ የሚሠራ ሬዲዮ ፈልገው ማግኘታቸውና የመድፍ ተኩስ በከበቧቸው ላይ እንዲወርድ መጥራታቸው ነው። ለዚህ ሥራቸው ከአገራቸው ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ ከአሜሪካም የብር ኮከብ ተሸልመዋል። ሲዋጉ መዋላቸውን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን የዚያን ሌሊት ወሳኝ ሥራ ልብ ብለው ቢያዩት ከአያትዎ ሥራ ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ጥይት በሚዘንብበት ቦታ መሸሸጊያቸውን ትተው ለሌላው ሰው ሕይወት የሚያስፈልገውን ነገር ሊያመጡ ወጡ።

ይህ የእኔ ብቻ አስተያየት እንዳይመስልዎት፣ ጀግንነትን በሜዳይ የሚመዝኑ አገሮችም እንዲሁ ፈርደዋል። በ1937 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በጃፓን በኦኪናዋ ደሴት፣ ማዬዳ በሚባለው ገደል ላይ፣ ዴዝሞንድ ዶስ የሚባል የአሜሪካ ጦር የሕክምና ረዳት ነበር። የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት አማኝ ስለነበር ጠመንጃ አልይዝም ብሎ በሥልጠና ላይ ሳለ ብዙ ተንገላቷል፤ ጓዶቹም ፈሪ ነው ብለው ንቀውት ነበር። ጦሩ ከገደሉ ላይ ተገፍቶ ሲወርድ እሱ ግን ከቁስለኞቹ ጋር ቀረና አንድ በአንድ እየጎተተ፣ በገመድ እያሰረ፣ 75 የሚሆኑ ሰዎችን ወደ ታች አወረደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ራሱ በእጅ ቦምብ እግሮቹ ቆስለው፣ ሌላ ረዳት ከመሸሸጊያው እንዳይወጣ ብሎ ቁስሉን ለራሱ አስሮ አምስት ሰዓት ጠበቀ፤ ተሸካሚዎች መጥተው ካነሡት በኋላም በመንገድ ላይ ከእሱ የባሰ የተጎዳ ሰው ሲያይ ከቃሬዛው ወርዶ ቦታውን ለቀቀለት። በጥቅምት 1938 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጠለቁለት። አንድም ጥይት አልተኮሰም ነበር።

በእንግሊዝም የጀግንነት ሁሉ ቁንጮ የሆነውን የቪክቶሪያ መስቀል ሁለት ጊዜ የተቀበሉ ሰዎች በታሪክ ሦስት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ ሐኪሞች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ኖኤል ቻቫስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1908 ዓ.ም. በሁለቱ ምሽጎች መካከል ቁስለኛ ሲፈልግ በማደሩ የመጀመሪያውን አገኘ፤ በ1909 ደግሞ ራሱ ቆስሎ ሳለ ፍለጋውን ባለማቋረጡ ሁለተኛው ተሰጠው፤ ሲሰጠው ግን በሕይወት አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀግና አይፈራም የሚሉትን አይመኑ። በከባድ ተኩስ ሥር ያለ ሰው አፉ ይደርቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮው ይደነቁራል፤ ይህ ሥጋ የለበሰ ሁሉ የሚደርስበት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ፍርሃቱ እያለ እግር ወዴት እንደሚሄድ ነው። እግርን ወደ ፊት የሚወስደው ደግሞ ከባንዲራና ከንግግር ይልቅ ብዙ ጊዜ አጠገብ ያለው ሰው ነው። የቃኘው ወታደሮች ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ፣ አብረው የሠለጠኑ፣ አብረው በመርከብ የተጓዙ፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው በሺህ ኪሎ ሜትሮች ዙሪያ የማያገኙ ነበሩ። በዚያ በረዶ ውስጥ ለአንድ ወታደር አገሩ ማለት ጓዱ ነበር፤ ጓዱን ጥሎ መምጣት አገሩን ጥሎ መምጣት ይሆንበታል። ሬሳ ለማንሣት ሲሉ ተጨማሪ ሰው መሞቱን እንደ ጥፋት የሚቆጥሩ አሉ፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። እኔ ግን ቢወድቅ እንደማይተው ያመነ ወታደር በሚቀጥለው ሌሊት ለቅኝት ሲጠራ ሳያመነታ እንደሚወጣ አምናለሁ።

አያትዎ ዝም ያሉበት ምክንያት ከፉከራው ሚዛን ሌላም ሊኖረው ይችላል። የክብር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ያደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ ብዙ የቃኘው ዘማቾች በጥርጣሬ ታዩ። ከዚያም ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲመሠርት «ኮሪያ ዘምቻለሁ» ማለት የሚያኮራ ሳይሆን የሚያስጠይቅ ነገር ሆነ። ሰው በጎልማሳነቱ እንዲህ ያለውን ነገር ውጦ መኖርን ከለመደ በእርጅናው አውጣው ቢሉት አይቀናውም።

እንዴት ላናግራቸው ላሉኝ፣ በመጀመሪያ ዘመድ በተሰበሰበበት አይጠይቋቸው፤ ያንን መድረክ ፎካሪዎቹ ይዘውታል። «ስንት ውጊያ ላይ ነበሩ» ብለውም አይጀምሩ። ስለ ብርዱ ይጠይቋቸው፤ በረዶ አይተው የማያውቁ ወጣቶች የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት እንዳሳለፉት ለመናገር የማይፈልግ ዘማች እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለ ሕፃናቱም ይጠይቋቸው፤ ወታደሮቻችን በዶንግዱቾን «ቦህዋ» የሚባል የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመው ከቀለባቸው ያካፍሉ ነበርና ምናልባት አያትዎ ስሙን ያልረሱት ልጅ ይኖራል። የሚናገሩትን ለመቅዳት ከፈለጉ አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ሲያቆሙም አይጫኗቸው። አፍንጮ በር ባለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያም የዕድሜ እኩዮቻቸውን ያገኛሉ፤ እኔ እንዳየሁት ሽማግሌዎቹ ለልጅ ልጆቻቸው የማይነግሩትን እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ይናገሩታል፤ እርስዎም አጠገባቸው ተቀምጠው ያዳምጡ።

አጎትዎ «ጭነት ነው የተሸከሙት» ያሉት ቀልድ ደግሞ ያለ ቁጣ መልስ ያገኝ ዘንድ፣ ጤናቸው ከፈቀደ አያትዎን ይዛችሁ ሁለታችሁም ቅድስት ሥላሴ ሂዱ። እዚያ የኮሪያ ዘማቾች ባረፉበት ቦታ ከተቀበሩት አንዱ አያትዎ ከተራራ ያወረዱት ሰው ሊሆን ይችላል። ወንበር ይዘውላቸው ይሂዱ፤ ጊዜ ይስጧቸው፤ ዝም ቢሉም አብረው ዝም ይበሉ። መናገር ከጀመሩ ግን ስለ ጠላት አይጠይቋቸው፤ የዚያን ቃሬዛ ሌሎቹን ሦስት እጀታዎች የያዙት እነማን እንደነበሩ ይጠይቋቸው፤ ስማቸውንም ይጻፉ።